ዶክተር ኤርሞሄኔስ በኢሜይላቸው ግርጌ ላይ የዘመቱት ዘመቻ

ሊፍታችን በታመመ በሦስተኛው ዓመት፣ ጣሪያችንም ውሃ ማስገባት በጀመረ በሁለተኛው፣ በመዋዔ ፍሳሽ፣ በዐቃቤ መክፈቻ፣ በርቱዐ ከራባት፣ በሥዩመ ጉባኤ በዶክተር ኤርሞሄኔስ ቲባኪራ ዘመነ አስተዳደር፣ በቦጎታ ከተማ፣ ቅድስት ሩፊና በሚባሉት መንታ ሕንፃዎች የሆነውን ሁሉ ንጽሐፍ እንከ። ይህንም የምንጽፈው ኋላ የሚመጣ ትውልድ ስለ እኚህ ጀግና ቢጠይቅ መልስ እንዳያጣ ነው፤ ባይጠይቅም ጽሑፍ ምሳ አይበላምና ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

የምጽፈው እኔ ባልታሳር ፉኬኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ፎቅ የምኖር ጡረተኛ፣ የቤት ባለቤቶች ጉባኤ ጸሐፌ ትእዛዝ። ጸሐፌ ትእዛዝ የሆንሁት በዕውቀቴ አይደለም፤ በምርጫው ዕለት ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ የእኔ እጅ ጆሮዬን ሲያክክ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ የያዝሁትን ቃለ ጉባኤ ማንም አንብቦት አያውቅም፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ስህተት አልተገኘበትም።

ጀግናችን ዶክተር መባላቸው ሐኪም ሆነው አይደለም። በከተማችን ከራባት ያሰረ ሰው ሁሉ ዶክተር ነው፤ በሽተኛ አምጥቶ የሚፈትነውም የለም። ዶክተር ኤርሞሄኔስ ደግሞ ከራባታቸውን በማናቸውም ምክንያት የማይፈቱ፣ የምድር ቤቱ ቧንቧ በፈነዳ ዕለት ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሶ ከራባታቸው ከፊታቸው ሲንሳፈፍ እንኳ ያልፈቱ፣ በግራ እጃቸው ቧንቧውን፣ በቀኝ እጃቸው ከራባታቸውን ይዘው እርዳታ እስኪመጣ የጸኑ ናቸው። ይህን በዓይኔ ያየሁ እኔ ነኝ። እርዳታው የዘገየውም በእኔ ምክንያት ነው፤ የሆነውን እየመዘገብሁ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ስማቸው የገነነው በደብዳቤ ነው። እኛ የቦጎታ ሰዎች ከጎረቤት መዶሻ ለመዋስ እንኳ ከልብ የመነጨ ሰላምታ አስቀድመን፣ ስለ ቤተሰቡ ጤና ጠይቀን፣ ስለ ድፍረታችን ይቅርታ ለምነን ነው መዶሻው ጋ የምንደርሰው፤ ዶክተር ኤርሞሄኔስ ግን በዚህ ወግ ከሁላችን በላይ ነበሩ። የአራተኛ ፎቅዋ ወይዘሮ ውሻቸው ደረጃውን ባበላሸ ጊዜ የተጻፈላቸው የተግሣጽ ደብዳቤ ከትሕትናው ብዛት ምስጋና መስሏቸው ለዘመድ ወዳጅ አንብበውታል፤ ለውሻውም ሥጋ ገዝተውለታል።

እንዲህ ያለው ብዕር ቢሮ ውስጥ ታስሮ እንዳይቀር ጉባኤው መክሮ ስልክ ገዛላቸው፤ ጣሪያው የትም ቢያፈስ፣ እሳቸው የትም ቢውሉ ኢሜይል እንዲደርሳቸውና እንዲመልሱ። ስልኩም ታማኝ አገልጋይ ነበር። ነገር ግን ማንም ሳያዘው፣ በሚልከው ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ ይህን ቃል ከራሱ ይጨምር ነበር፦ «ከተንቀሳቃሽ ስልኬ የተላከ። ስለ አጭርነቱና ስለ ስህተቱ ይቅርታ።» ዶክተሩ ይህን አልጻፉም፣ አላዩትምም። የእሳቸውን ደብዳቤ በጣቱ እየገፋ እየገፋ ግርጌ የደረሰ ሰው ግን ይህ አጭሩ ከሆነ ረጅሙ ምን ሊያክል ነው ብሎ ይደነግጥ ነበር። ከእኛም ወገን የነገራቸው የለም፤ በእኛ ወግ የዶክተርን ደብዳቤ ማረም ነውር ነው።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ዝናቡ በጠነከረበት ወር፣ በሶጋሞሶ ከተማ ዶኛ ሳክራሜንቶ አረፉ። እኚህ ሴት የዶን ሌኦቪሂልዶ ፎንሴካ እናት ናቸው፤ ዶን ሌኦቪሂልዶም የዶክተራችን አበልጅ፣ የአንዲት ልጃቸው የሶራይዳ የክርስትና አባት ናቸው። ዶክተራችን በወጣትነታቸው ሶጋሞሶ ሲማሩ ያደሩት፣ የበሉት፣ የታመሙትም በዶኛ ሳክራሜንቶ ቤት ነው። ስለዚህ መርዶው በደረሰ ጊዜ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሮጡ፤ ነገር ግን ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘግቶት ነበርና አውቶቡሱም፣ ፖስታውም፣ ድንቹም በየነበረበት ቀርቶ እሳቸውም ተመለሱ።

ደውለው ነበር ወይ የሚል አንባቢ ካለ የእኛን አገር ሐዘን አያውቅም። የዘጠኙ ቀን ጸሎት እስኪፈጸም በሐዘን ቤት ስልክ አይነሣም፤ ደግሞም ሐዘን የሚጻፍ ነገር ነው፣ ስልክ የድንች ዋጋ ለመጠየቅ ነው። እንግዲህ የቀረው ኢሜይል ብቻ ነበር። ዶክተር ኤርሞሄኔስ ከምግብ ጠረጴዛቸው ፊት ተቀመጡ፤ መጋረጃውን ጋረዱ፤ ጥቁሩን ከራባት አሰሩ፤ በሁለት አውራ ጣታቸውም ከምሳ በኋላ ጀምረው እራት እስኪቀርብ ጻፉ። ሶራይዳ በቡናማ ስኳር የፈላ ውሃ ከነ አይቡ አቅርባላቸው ሳይነኩት በረደ። ዓይናቸውን ጠርገው ላኩት፤ ከዚያም ወደ ውጭ ወጥተው ለረጅም ጊዜ ዝናብ አዩ።

አሁን ስለ ዶን ሌኦቪሂልዶ አንድ ነገር መናገር ይገባል። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት የሠሩ፣ የሰውን ፊርማ ከመታወቂያው ፊርማ ጋር እያስተያዩ «ትክክል ነው» የሚል ማኅተም የሚመቱ ነበሩ። በአገራችን ያለዚያ ማኅተም ሰው በሕይወት መኖሩም አይታመንም። ከዚህ ሥራ የተነሣ ዶን ሌኦቪሂልዶ ማናቸውንም ወረቀት የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ግርጌውን ያያሉ፣ ግርጌው ካላማራቸው ወደ ላይ አይወጡም።

መልሳቸውም ጸሎቱ ሲፈጸም መጣ፤ እንዲህ የሚል፦ «አመሰግናለሁ። ከተንቀሳቃሽ ስልኬ የተላከ። ስለ አጭርነቱና ስለ ስህተቱ ይቅርታ።»

ዶክተራችን በየዋህነታቸው ደስ አላቸው። አበልጃቸው በስተርጅና ዘመናዊ ስልክ ገዙ ብለው ለዘበኛው አወሩ፣ ለእኔም አነበቡልኝ፤ እኔም እንኳን ደስ ያላችሁ አልሁ። ይህን ስንባባል ሶራይዳ ከሥራ ገባች፤ ስልኩን ተቀብላ አየችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«አባዬ፣ ክርስትና አባቴ እኮ ያለው ባለ ቁልፉ ስልክ ነው» አለች። «ከመደወልና ዶሮ ቤት ውስጥ ከማብራት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ይሄንን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ለቅሞ ነው የጻፈው።»

ወሶበ ሰምዑ ዘንተ፣ ዶክተር ኤርሞሄኔስ የገዛ ደብዳቤያቸውን ከፍተው እስከ ታች ገፉት፤ በዚያም ያልጻፉትን አነበቡ። የእናትን ሞት አስመልክቶ «ስለ አጭርነቱ ይቅርታ» ተብሎ ነበር። ወኮነ ዓቢይ ሐዘን በቅድስት ሩፊና፤ ዶክተሩም ከራባታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ ላላ አደረጉት።

የሐዘኑም ሥር ይህ ነው። ሶራይዳ ዝናቡ ሲያባራ ልታገባ ቀን ተቆርጦላት ነበር፤ በመሠዊያው ፊት ከጎኗ የሚቆሙትም ሲያጠምቋት ያቀፏት ዶን ሌኦቪሂልዶ ነበሩ። እሷም ድምጿን ሳታነሣ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ አሳቧን ነገረቻቸው።

«ያቀፈኝ እሱ ነው፣ የሚድረኝም ካንተ ጋር እሱ ነው። እሱ ካልመጣ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረግጥም። ሙሽራው ይጠብቅ፣ ቄሱም ይጠብቁ። እኔ አልቸኩልም።»

ዶክተሩ ልጃቸውን ያውቋታል። እሳቸው በከራባት የጸኑትን ያህል እሷ በቃሏ ትጸናለች።

በማግሥቱ ዘመቻ ታወጀ። በቢሮው ተሰለፉ፦ በቀኝ ዶኛ ኑቢያ፣ የቢሮው ጸሐፊ፣ መነጽራቸውን በግንባራቸው ላይ ሰቅለው፤ በግራ ዘበኛው ከነ ቁልፎቹ፤ በመካከል የአራተኛ ፎቅዋ ወይዘሮ ከነ ውሻቸው፤ በኋላ አትክልተኛው ከነ ጎማው፤ እንዲሁም ጉዳዩ የማይመለከታቸው ነገር ግን ዝናብ ያስጠለላቸው የጋዝ ቆጣሪ አንባቢዎች፤ ከሁሉም በስተኋላ እኔ፣ ከነ መዝገቤ። ዶክተሩም ስልኩን ከፊታችን አኑረው ሴቲንግ ወደሚባለው አምባ መውጣት ጀመሩ።

አምባውም ጽኑ ነበር። በመጀመሪያው በር የስልኩ ባትሪ መብራት በራ፣ የሚያጠፋውም ታጣ። በሁለተኛው በር ስልኩ በሴት ድምፅ የነካነውን ሁሉ እየጮኸ ማንበብ ጀመረ፤ ውሻውም መለሰለት። በሦስተኛው በር ፊደሉ እያደገ ሄዶ አንድ ቃል ብቻ መስኮቱን ሞላው፣ እንደዚያውም ቀረ። አትክልተኛው አጥፍተን እናብራው አለ፤ ወይዘሮዋ ጸሎት እናድርግ አሉ፤ እኔ ድምፅ እንስጥበት አልሁ፣ የሰማኝ ግን የለም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ርቱዐ ከራባት በአጋጣሚ የነኩት አንድ ነገር ተከፈተ፤ ያ መስመር በትንሽ ሳጥን ውስጥ ብቻውን ቆሞ ተገኘ። እልል አልን።

በዚያ ሰዓት ልናጠፋው እንችል ነበር። ዶኛ ኑቢያም እንዲሁ ብለው ነበር፦ «አጥፉት በቃ፣ ዶክተር። ባዶ ይሁን።» ነገር ግን እኛ ባዶ ነገር የምንችል ሕዝብ አይደለንም፤ ባዶ ግርጌ ሳይሰናበቱ እንደ መውጣት ነው ተባለ። ስለዚህ ጉባኤው ተቀምጦ በጠላት ቦታ አዲስ ቃል ተከለ። ችኮላ የሌለበት መሆኑን ዶክተሩ አስገቡ፤ ልብን ወይዘሮዋ ጨመሩ፤ ከራባቱ በሙሉ ድምፅ አለፈ። እንባውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ አዋጁ ይህ ነው፦

«ይህ ደብዳቤ በችኮላ አልተጻፈም። ተቀምጬ፣ ከራባቴን አስሬ፣ እያንዳንዱን ቃል ከልቤ አውጥቼ የጻፍሁት ነው። እንባዬን ይቀበሉ።»

ዶክተር ኤርሞሄኔስ ወዲያው ለአበልጃቸው የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ። ስልኩ ያለ ፈቃዳቸው የሠራውን፣ እሳቸውም ያላዩትን፣ ከሰላምታ ጀምረው በዝርዝር አስረዱ፤ ግርጌውም በአዲሱ ቃል ደምቆ ሄደ። ዶን ሌኦቪሂልዶም እንደ ልማዳቸው ከታች ጀመሩ፤ ከታችም እንባ አገኙ፤ ልባቸውም ራራ፣ ወደ ላይ መውጣትም አላስፈለጋቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ መልስ ላኩ፦ «እንባህን ተቀብያለሁ፣ አበልጄ። ለሠርጉ የሚለበሰው ምንድን ነው?» ያን ዕለት በቅድስት ሩፊና ለሁሉም የጓያባ ፍሬ ማርማላታ ከአይብ ጋር ታደለ፤ እኔም ስለ እንባው ተመሰገንሁ፣ ምስጋናውንም በመዝገብ አሰፈርሁት።

ነገር ግን መስመሩ ሰው አይመርጥም ነበር። ዶክተሩ ለቧንቧ ሠራተኛው ስለ ሽንት ቤቱ ጻፉ፣ እንባቸው ተከተለ። ለጋዝ ድርጅቱ ስለ ቆጣሪው ጻፉ፣ እንባቸው ተከተለ። ለሁለተኛ ፎቅ ተከራይ ከበሮውን እንዲተው ጻፉ፤ ሰውየው ከበሮውን ትቶ አበባ ይዞ መጣ። ዶኛ ኑቢያ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ቢሮ ገቡ።

«ዶክተር፣ ለቧንቧ ሠራተኛው ምን ብለው ነው የጻፉለት? ደውሎልኛል፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሊገባኝ አልቻለም።»

ዶክተሩ ግን በዚያ ሰዓት ጣሪያ ላይ ነበሩ። ዝናቡ ይወርዳል፣ በአንድ እጃቸው መሰላል፣ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘዋል፤ ድንገትም የአበልጃቸው ጥያቄ ሳይመለስ መቆየቱ ትዝ አላቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰላምታ ጻፉ። ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ፦ «ጥቁር ሱፍ።» ስልኩም የታዘዘውን አልረሳም። ወደ ሶጋሞሶ የሄደው ደብዳቤ፣ ለታሪክ ቃል በቃል ስናስቀምጠው፣ እንዲህ ይላል፦

«ጥቁር ሱፍ። ይህ ደብዳቤ በችኮላ አልተጻፈም። ተቀምጬ፣ ከራባቴን አስሬ፣ እያንዳንዱን ቃል ከልቤ አውጥቼ የጻፍሁት ነው። እንባዬን ይቀበሉ።»

አሌ ለነ። መልሱ በዚያው ቀን ደረሰ፤ ሙሉ ወግ ያለው፣ አንተ ይሏቸው የነበሩትን አንቱ ብለው የጻፉበት፦ «የከበሩ ዶክተር ኤርሞሄኔስ ቲባኪራ ሆይ፣ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ ለሱፍ የሚያለቅስ ሰው ለእናቴ አለቀሰ ብዬ መቁጠር እንደማልችል በትሕትና አስታውቃለሁ። እንባዎን መልሼ ልኬያለሁ። ለሠርጉ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ሌኦቪሂልዶ ፎንሴካ። በኮምፒውተር፣ ተቀምጬ።»

ሶራይዳ አነበበችው፤ የሠርግ ቀሚሷን ከበሩ ጀርባ አውርዳ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ዶክተራችን ብዙ ጦርነት አይተዋል፤ ሊፍትን፣ ጎርፍን፣ የዓመቱን ጠቅላላ ጉባኤ። የሣጥኑ ክዳን ሲዘጋ ግን ፊታቸው የተለወጠውን ያህል ተለውጦ አላየሁም። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ጸሐፊነቴን ጠላሁት፣ እንባ የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ወጥቷልና።

በነጋታው መንገዱ በአንድ በኩል ተከፍቶ ነበር። ዶክተር ኤርሞሄኔስ ተነሡ፤ ሠራዊታቸውም ተከተለ፤ ሠራዊት ማለቴ እኔ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ሥራ ነበረበት። ዘበኛው መንገድ ላይ እንዳይርበን የአይብ ዳቦ ሰጠን፤ ዶኛ ኑቢያ መስመሩን በመንገድ ላይ እንዳንነካው አስጠነቀቁን። አውቶቡሱ በናዳው አጠገብ ሲያልፍ ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ። እኔ በመስኮት በኩል ስለ ነበርሁ ከሁሉም አብልጬ አማተብሁ። ዶክተሩ ግን ናዳውን አላዩም፤ የሚናገሩትን ያጠኑ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እመለከት ነበር፤ ሦስት ሰላምታ፣ ሁለት ይቅርታ፣ እንደገና ሰላምታ።

ዶን ሌኦቪሂልዶ ደጃፋቸው ላይ ሩዋናቸውን፣ ያን ወፍራም የሱፍ ካባ፣ ተከናንበው ለዶሮ በቆሎ ሲበትኑ አገኘናቸው። ግቡ አላሉንም። በረዶ መውረድ ባይጀምር ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው በቆምን ነበር፤ በረዶው ግን የእኔን መላጣ ራስ ሲመታ ስላዩ አዘኑልኝና በሩን ከፈቱ። ወጥ ቤት ተቀመጥን። በግድግዳው ላይ የዶኛ ሳክራሜንቶ ፎቶ ነበር፤ ምድጃው አጠገብ ያለው ወንበራቸውም ማንም አልተቀመጠበትም።

ዶክተራችን ቆሙ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያጠኑት ሁሉ ጠፋባቸው። ስለዚህ ዶን ሌኦቪሂልዶ ቀደሙ።

«ለእናቴ ብዙ ሰው ጻፈልኝ» አሉ ምድጃውን እያዩ። «ሁሉም ከስልክ፣ ሁሉም ስለ አጭርነቱ ይቅርታ። እሺ አልሁ። ያንተን ግን ለብቻው ነበር የምጠብቀው። እሱ እናቴን ያውቃታል ብዬ።»

«ከታች ያለውን እኔ አልጻፍሁትም» አሉ ዶክተሩ። «ከላይ ያለውን ነው የጻፍሁት።»

«ከላይ ያለውን አላነበብሁም።»

ከዚያ ዶን ሌኦቪሂልዶ ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉላቸውና «በል አንብበው» አሉ።

ዶክተር ኤርሞሄኔስ ስልካቸውን አወጡ። ፊደሉ አሁንም እንደ ገዘፈ ነበርና ቃል በቃል እየገፉ ማንበብ ያዙ፤ አንዱን ቃል ይላሉ፣ ይገፋሉ፣ ሌላውን ይላሉ። ዶኛ ሳክራሜንቶ የዶክተሩን ብቸኛ ሸሚዝ እሑድ ማታ አጥበው ለሰኞ ትምህርት ምድጃው ላይ እንዴት ያደርቁላቸው እንደ ነበር አነበቡ። ሥጋ ሆዴን ያመኛል እያሉ ድርሻቸውን በዶክተሩ ሳህን ላይ ይጨምሩ እንደ ነበርና የማያማቸው መሆኑን ከብዙ ዓመት በኋላ ዶክተሩ በገዛ ሠርጋቸው ቀን እንዳወቁት አነበቡ። ፈተና ወድቀው በተመለሱ ጊዜ ለጎረቤት ሁሉ አስተማሪው ታሟል ብለው እንዳስወሩላቸው ሊያነቡ ሲጀምሩ ጣታቸው መግፋት አቃተው።

ዶን ሌኦቪሂልዶ ስልኩን ከእጃቸው ወሰዱ። የቀረውን ራሳቸው አነበቡት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያሉ፣ አንድም ቃል ሳይዘሉ። ግርጌውም ጋ ደረሱ፤ እሱንም ሳይዘሉ አነበቡት፦ «ከተንቀሳቃሽ ስልኬ የተላከ። ስለ አጭርነቱና ስለ ስህተቱ ይቅርታ።» ስልኩን በጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እኔ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

«እውነትም አጭር ነው» አሉ። «የፍየሏን ነገር የት አደረግኸው?»

ዶክተራችን እየሳቁና እየተነፈሱ የፍየሏን ነገር ጀመሩ፦ ዶኛ ሳክራሜንቶ ለፋሲካ የተገዛችውን ፍየል መታረዷ አሳዝኗቸው የሌሊት ልብሳቸውን ለብሰው እንዴት ለቀቋት፣ በማግሥቱም ከሁሉ ቀድመው ሌባውን እንዴት እንደ ረገሙ። ዶን ሌኦቪሂልዶ የረሱትን አስታወሷቸው፤ እሳቸውም ስለ ካህኑ ጃንጥላ አወጡ፤ ከዚያ ስለ ቆላው ጉዞ፤ ከዚያ ስለ መጨረሻው ሕመም፣ ይህንም ዶን ሌኦቪሂልዶ ለማንም ተናግረውት አያውቁም ነበር። በረዶው ቆሞ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጥተው፣ ድንቹ ተቀቅሎ ተበልቶ እነሱ ገና አልጨረሱም። እኔ መዝገቤን ከፍቼ ነበር፤ አንድ መስመር አልጻፍሁም። በየሰው ደብዳቤ ላይ እንዲፈስ ያወጅሁት እንባ ያን ዕለት ሳይታወጅ መጣብኝና ፊቴን ወደ ድስቱ አዞርሁ፤ ዶን ሌኦቪሂልዶም ሽንኩርቱ ነው ብለው አለፉልኝ።

ዝናቡም አባራ፤ ሶራይዳም ቀሚሷን ከሣጥኑ አወጣች። በመሠዊያው ፊት በአንድ ወገን አባቷ፣ በአንድ ወገን የክርስትና አባቷ ቆሙ፤ ቄሱ ብዙ ተናገሩ፣ ሁለቱ አረጋውያን ግን እርስ በርሳቸው እየተያዩ ያለ ቦታው ሁለት ጊዜ ሳቁ። ያሳቀቻቸው ፍየሏ መሆኗ ለእኔ ብቻ ታውቆኛል።

ዶክተር ኤርሞሄኔስም ከሠርጉ በኋላ ይህን ሕግ አወጡ፤ በሊፍቱም በር ላይ ተለጠፈ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ነገሩ የፍሳሽ ከሆነ ስልኩ የወደደውን ይፈርም። ነገሩ የሞት ከሆነ ግን ከመላክህ በፊት ግርጌህን እይ፤ መንገዱ ሲከፈትም ተነሥተህ ሂድ።» ሊፍቱ አሁንም ስለማይሠራ የሚቆምበት ሰው ብዙ ነው፤ ሕጉም ከእኔ ቃለ ጉባኤ ሁሉ ይልቅ ተነቧል።

እንግዲህ ክብር ይሁን ለመዋዔ ፍሳሽ፣ ለዐቃቤ መክፈቻ፣ ለርቱዐ ከራባት፤ ሴቲንግ የሚባለውን አምባ ወጥተው ለተሸነፉ፣ ተሸንፈውም ተራራውን ለተሻገሩ፣ ሦስት ሰላምታ አጥንተው ያለ ሰላምታ ለገቡ። ስማቸው በቅድስት ሩፊና መንታ ሕንፃዎች፣ በላይኛውም ፎቅ በምድር ቤቱም ይጠራ። ይህን ላነበበ ሁሉ፣ ለጻፈውም ለእኔ ለማልነበበው ጸሐፊ፣ እግዚአብሔር አንድ ወዳጅ ይስጠን፤ ከታች ጀምሮ ቢሆን እንኳ እስከ ላይ የሚያነበን፣ አንብቦም ሲጨርስ አጭር ነው የሚለን።